ዋስ እያለው የተፈራ ብድር፦ የአሜሪካ የተማሪ ብድር ቦንዶች ክለሳ ታሪክ

«ዋስ» በአማርኛ ቀላል ቃል አይደለም። አበዳሪ ገንዘቡን ሲሰጥ ተበዳሪውን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ የቆመውን ሰውም ያያል። እዚህ እስራኤል ማሽካንታ ሊወስድ ባንክ የሄደ ሰውም «ዐረቭ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ዋሱ ጠንካራ ከሆነ ብድሩ አስተማማኝ ነው፤ የለመድነው ስሌት ይኸው ነው። ታዲያ ዋሱ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ የሆነ ብድር እንዴት አደገኛ ሊባል ይችላል?

ጥያቄው የመጣብኝ ለሴሚናርዮን ሥራዬ ስለ ተማሪ ብድር ታሪክ ሳነብ ነው። በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሙዲስና ፊች የተባሉት የብድር ደረጃ አውጪ ድርጅቶች፣ በመንግሥት ዋስትና ባላቸው የተማሪ ብድሮች ላይ የቆሙ ቦንዶችን እንደገና መመርመር ጀመሩ። ሙዲስ በዚያ ዓመት ጁን ወር ላይ ብቻ ከመቶ በላይ የቦንድ መደቦችን «ደረጃቸው ሊወርድ ይችላል» ብሎ ለክለሳ አስቀመጠ። ገንዘቡ በአስር ቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ነበር። የድርጅቶቹን መግለጫዎች ደረቅ የፋይናንስ ወረቀት ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን እንደ ታሪክ ምንጭ ላነባቸው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ውስጣቸው ትልቅ ጥያቄ አለ። ለተበዳሪው እፎይታ የሚሰጥ ሕግ ለምንድን ነው በሌላው መዝገብ ላይ «አደጋ» ተብሎ የሚጻፈው?

ብድሩ እንዴት ተወለደ

ኖቬምበር 8 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የከፍተኛ ትምህርት ሕጉን ፈረሙ። የፈረሙት ዋሽንግተን ሳይሆን ቴክሳስ ውስጥ በሳን ማርከስ ከተማ፣ በወጣትነታቸው በተማሩበት ኮሌጅ ነበር። ሕጉ የያዘው ሐሳብ ቀላል ነው። ባንክ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያለ መያዣ አያበድርም። ቤት ቢሆን ይሸጣል፤ የተማረ ጭንቅላት ግን በጨረታ አይሸጥም። ስለዚህ መንግሥት «ልጁ ባይከፍል እኔ አለሁ» አለ።

መንግሥት ራሱ ለምን አላበደረም? አንዱ ምክንያት የሒሳብ አያያዝ ነው። በቀጥታ ያበደረው ገንዘብ በዚያው ዓመት በጀት ላይ ወጪ ሆኖ ይታያል፤ ዋስትና ግን በተሰጠበት ቀን ምንም ወጪ የሌለው ይመስል ነበር። ይህ አሠራር የተስተካከለው በ1990 በወጣው የፌዴራል ብድር ማሻሻያ ሕግ ነው። እስከዚያ ድረስ ዋስ መሆን ለምክር ቤቱ ርካሽ ነገር ነበር።

በ1972 ሳሊ ሜይ የሚባለው ተቋም ተመሠረተ። ሥራው ከባንኮች የተማሪ ብድር እየገዛ፣ ባንኮቹ እንደገና የሚያበድሩት ገንዘብ እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። መጀመሪያ በመንግሥት ድጋፍ የቆመ ቢሆንም በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ግል ይዞታ መዞር ጀመረ፤ ሽግግሩ በ2004 መጨረሻ ተጠናቀቀ። በ1992 ደግሞ የዋስትናው ፕሮግራም «የፌዴራል የቤተሰብ ትምህርት ብድር» የሚለውን ስም አገኘ። ዋስትናውም በጊዜ ብዛት ትንሽ ትንሽ ተሸረፈ። ከኦክቶበር 1993 በፊት ለተሰጡ ብድሮች መቶ በመቶ ነበር፤ ከዚያ 98 በመቶ ሆነ፤ ከጁላይ 2006 ጀምሮ ለተሰጡት ደግሞ 97 በመቶ። እንዲያም ሆኖ ለአበዳሪ ከዚህ የተሻለ ዋስ አይገኝም።

ብድሩ ወደ ቦንድ ሲለወጥ

ሳሊ ሜይ ከ1995 ጀምሮ ብድሮቹን እያሰባሰበ በቦንድ መልክ መሸጥ ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ብድር ትራስት በሚባል አንድ ሕጋዊ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ለባለሀብቶች ቦንድ ይሸጣል። ተማሪዎቹ በየወሩ የሚከፍሉት ገንዘብ ወደ ሣጥኑ ይገባና ለቦንድ ባለቤቶቹ ይከፋፈላል።

ክፍፍሉ ተራ አለው። ቦንዶቹ በመደብ ይለያሉ፤ ዋናው ገንዘብ መጀመሪያ ለአንደኛው መደብ ይመለሳል፣ ያ ሲያልቅ ለሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ መደብ ደግሞ በውሉ ላይ የተጻፈ የመጨረሻ መክፈያ ቀን አለው። በዚያ ቀን ዋናው ገንዘብ ተከፍሎ ካላለቀ ትራስቱ ውል አፍርሷል ይባላል። ይህን ቀን ያዙልኝ፤ ታሪኩ በሙሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው።

ደረጃ አውጪዎቹ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ጆን ሙዲ በ1909 የባቡር ድርጅቶችን ቦንድ በፊደል መመደብ ከጀመረ ወዲህ፣ ፊደሉ የገበያው የጋራ ቋንቋ ሆኗል። ከፍተኛው ደረጃ «ሦስት ኤ» ነው። ትርጉሙ ገንዘቡ በቀኑ የመከፈሉ ነገር የሚያጠራጥር አይደለም ማለት ነው። የጡረታ ፈንዶችና የመድን ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ከተወሰነ ደረጃ በታች የሆነ ቦንድ እንዳይዙ በራሳቸው ደንብ ይከለከላሉ። ስለዚህ ፊደል ሲወርድ ዋጋም ይወርዳል፤ አንዳንዱም የግድ መሸጥ አለበት።

በመንግሥት ዋስትና ላይ የቆሙት የተማሪ ብድር ቦንዶች ለረዥም ጊዜ ያለ ብዙ ክርክር ሦስት ኤ ያገኙ ነበር። ተማሪው 270 ቀን ሳይከፍል ከቆየ ብድሩ እንደከሸፈ ይቆጠራል፤ ከዚያ ዋስትናው ይጠየቃል፣ ገንዘቡም ወደ ሣጥኑ ይገባል። ነገሩን ጠለቅ ብለን ካየነው፣ ለቦንዱ ባለቤት ያልከፈለ ተማሪ ብዙም ጉዳት አልነበረውም። እንዲያውም ዋናውን ገንዘብ ቶሎ ያስመልስለታል። ጉዳቱ የመጣው ከሌላ ሰው ነው፤ በመጠኑ ከሚከፍለው።

ቀስ ብሎ የሚከፍል ሰው

ከ2008 ቀውስ በኋላ ብዙ ምሩቃን ሥራ አጡ፤ ያገኙትም ደመወዛቸው ትንሽ ነበር። ክፍያ ለጊዜው የማስቆም መብት ነበራቸው፣ ተጠቀሙበት። ከጁላይ 2009 ጀምሮ ደግሞ በገቢ ልክ የመክፈል ዕቅድ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ዕቅድ ተበዳሪው የሚከፍለው፣ ገቢው ከድህነት መስመሩ አንድ ጊዜ ተኩል በላይ በሆነው ክፍል ላይ 15 በመቶ ብቻ ነው። ከ25 ዓመት ክፍያ በኋላ የቀረው ይሰረዝለታል።

በቁጥር እንየው። አንድ ምሩቅ በ6.8 በመቶ ወለድ 30,000 ዶላር አለበት እንበል። በተለመደው የ10 ዓመት ዕቅድ በወር 345 ዶላር ገደማ ይከፍላል። የወሩ ወለድ ብቻ 170 ዶላር ነው። በገቢው ልክ ሲሰላ የሚደርስበት 120 ዶላር ቢሆን፣ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። ይህ ሰው ሕጉን አክብሮ በየወሩ እየከፈለ ነው፤ ውል አላፈረሰም፤ ዋስትናውም አይጠየቅም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ዋና ገንዘብ ግን አንድ ዶላር አልቀነሰም።

እንዲህ ያለ ተበዳሪ በሺህ ሲቆጠር ቦንዱ ከታሰበው በላይ ዕድሜው ይረዝማል፤ የመጨረሻው መክፈያ ቀን ግን አይጠብቅም። ቦንዶቹ ሲሸጡ የተሠራው ስሌት ብዙ ሰው ብድሩን ቀድሞ እየከፈለ ወይም እያዋሀደ ይወጣል የሚል ነበር። ከቀውሱ በፊት እውነትም እንደዚያ ነበር። ከቀውሱ በኋላ ግን ስሌቱ አልሠራም።

ደረጃ አውጪዎቹ በ2015 ያሉት ይህንን ነው። «ገንዘቡ ይጠፋል» አላሉም፤ «በቀኑ ላይደርስ ይችላል» ነው ያሉት። ዋስትናው የገንዘቡን መጠን እንጂ ጊዜውን አይሸፍንም። በሁሉም ወገን ሙሉ የሆነ የሚመስለው ዋስ አንድ በኩል ክፍት ነበር ማለት ነው።

የማን አደጋ?

ከዚያ በኋላ የሆነው ግርግር አስተማሪ ነው። በ2014 ከሳሊ ሜይ ተከፍሎ የወጣውና አብዛኛውን የድሮ ብድር የያዘው ናቪየንት፣ የቦንድ ባለቤቶችን ፈቃድ እየጠየቀ የመጨረሻ መክፈያ ቀኖቹን በብዙ ዓመታት ማራዘም ጀመረ። ከአንዳንድ ትራስቶች ላይ ብድር መልሶ የሚገዛበትን መንገድም ከፈተ። ሆኖም ድርጅቶቹ የምዘና ዘዴያቸውን አሻሽለው ሲጨርሱ ከሦስት ኤ ተነሥተው እስከ «ቢ» ድረስ የወረዱ ቦንዶች ነበሩ። የመንግሥት ዋስትናው በዚያ ሁሉ መካከል እንዳለ ነው፤ አልተነካም።

ስለዚህ ክለሳ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው «ድርጅቶቹ በ2008 በቤት ብድር ቦንድ ላይ ስላፈሩ፣ አሁን ከመጠን በላይ ተጠነቀቁ» ይላል። ሁለተኛው «ደረጃ የሚለካው የተጻፈው ቃል በቀኑ መፈጸሙን ነው፣ ስለዚህ ትክክል ናቸው» ይላል። እኔ ሁለተኛው በቃሉ ትክክል ይመስለኛል። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። በመግለጫዎቹ ውስጥ በገቢ ልክ መክፈል፣ ክፍያ ማቆም፣ ክፍያ ማራዘም አንድ ላይ ተደርድረው «ክፍያን የሚያዘገዩ ምክንያቶች» ተብለው ይቀመጣሉ። ለተበዳሪው ግን እነዚህ የቤት ኪራይና የልጅ ምግብ ናቸው። መግለጫዎቹ አይዋሹም፤ የተጻፉት ከአንድ ወገን መስኮት ሆኖ ነው። የታሪክ ተማሪ ሥራ ደግሞ መስኮቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

በሌላ በኩል የቦንድ ባለቤቱን ሁሉ ሀብታም አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም። የጡረታ ፈንድ ውስጥ ያለው ገንዘብ የአስተማሪና የአውቶቡስ ሾፌር ቁጠባ ነው። ችግሩ የክፉና የደግ ሰው ችግር አይደለም። መንግሥት በ1965 ለአበዳሪው «ገንዘብህ አይጠፋም» አለ፤ በ2009 ለተበዳሪው «እንደ አቅምህ ክፈል» አለ። ሁለቱም ቃል ተገቢ ነው። ሁለቱን ቃሎች የሚያስታርቅ አንቀጽ ግን ቦንዶቹ ውስጥ አልተጻፈም ነበር።

ከዚያ ወዲህ

መንግሥት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጎን ለጎን በቀጥታ ያበድር ነበር። በማርች 2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ በፈረሙት ሕግ፣ ከጁላይ 1 ጀምሮ በባንክ በኩል የሚሰጠው ዋስትና ያለው ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ተዘጋ። የድሮዎቹ ብድሮች ግን ሣጥናቸው ውስጥ ቀሩ፤ ባለቤቶቻቸውም አብረው።

ይህ መለያየት በ2020 ዋጋ አስከፈለ። በኮሮና ጊዜ የወጣው ሕግ የተማሪ ብድር ክፍያን ሲያቆምና ወለዱን ዜሮ ሲያደርግ፣ የሸፈነው በመንግሥት እጅ ያሉትን ብድሮች ነበር። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ክፍል ውስጥ የተማሩ ሁለት ጓደኛሞች፣ ሁለቱም «የፌዴራል ብድር አለብኝ» የሚሉ፣ አንዱ መክፈል አቆመ፤ ሌላው ብድሩ በግል ትራስት ስለተያዘ መክፈሉን ቀጠለ። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴሩ ለታሰበው የዕዳ ስረዛ ሲባል እነዚህን ብድሮች ወደ መንግሥት ብድር የማዋሀዱን በር ዘጋ። ይህ የሆነው ስድስት ክፍለ ግዛቶች ስረዛውን በመቃወም ክስ በመሠረቱበት ቀን ነው። ስረዛው ራሱ በጁን 2023 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውድቅ ሆነ።

ዋሱም ቢሆን ከምዘና አላመለጠም። ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ በኦገስት 2011፣ ፊች በኦገስት 2023፣ ሙዲስ በሜይ 2025 የአሜሪካን መንግሥት የራሱን ደረጃ ከሦስት ኤ አንድ እርከን ዝቅ አደረጉ። ዋሱ ሲወርድ በእሱ ላይ የተደገፈው ቦንድም ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በመካከላችን ብዙ አይደለም፤ ከእነሱም የተማሪ ብድር የሚከፍል አይጠፋም። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2010 በፊት የተማረ ዘመድ ካለ፣ «ከማን ተበደርክ?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ብድርህን የያዘው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል፤ መልሱ የትኛው መብት እንደሚደርሰው ይወስናል። እኛም እዚህ ወረቀት ላይ «ዐረቭ» ወይም «በመንግሥት ዋስትና» የሚል ቃል ስናይ፣ ቃሉ ካለ በቂ ነው ብለን ባናልፈው ጥሩ ነው። ዋስትናው ለማን ነው፣ ለስንት ነው፣ እስከ መቼ ነው? በ2015 ባለሙያዎቹን ራሳቸውን ያስደነገጠው ሦስተኛው ጥያቄ ነበር።