የውኃ ዳርቻ ቆሻሻ ለቀማና ትንተና

የውኃ ዳርቻ ቆሻሻ ለቀማና ትንተና በደሴት፣ በሐይቅና በወንዝ ዳር የተከማቸውን ሰው ሠራሽ ቆሻሻ ሰብስቦና ለይቶ ምንጩን የማወቅ ሥራ ነው። በተለመደው አሠራር 100 ሜትር ዳርቻ ይለካል፤ የተገኘው ሁሉ ተለቅሞ በየዓይነቱ ይቆጠራል፦ የሃይላንድ ኮዳ፣ ክዳን፣ ፌስታል፣ የመረብ ቁራጭ። ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሰውን ማይክሮፕላስቲክ ለማግኘት አሸዋው በወፍራም የጨው ውኃ ይበጠበጣል፤ አሸዋው ሲዘቅጥ ፕላስቲኩ ይንሳፈፋል፤ ተጣርቶም በማይክሮስኮፕ ይመረመራል።

በኢትዮጵያ። ደሴቶች ባሉት በዝዋይ ሐይቅ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶ ያህሉ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል። ከሐይቁ ወለል የሚመገቡት እንደ አምባዛ ያሉት ከቆሮሶ ይልቅ ብዙ ፕላስቲክ ተገኝቶባቸዋል።

በጅማ። ከተማዋን የሚያቋርጠው አዌቱ ወንዝ ቆሻሻውን ይዞ ወደ ቦዬ ረግረግና ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይወርዳል። የግልገል ጊቤ ውኃ በኦሞ ወንዝ በኩል ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ቱርካና ደግሞ ወደ ባሕር መውጫ የለውም። በመሆኑም ጅማ ላይ የተጣለ ኮዳ ውቅያኖስ አይደርስም፤ በረግረጉ፣ በግልገል ጊቤ ግድብ ወይም በሐይቁ ይቀራል። ለቀማውም መጀመር ያለበት ከአዌቱ ዳር ነው።