ያልተፈተነ ደግነት፦ ነውር የሌለበት ባለታሪክ አንባቢን ስለማይማርክበት ምክንያት

የልብ ወለድ ታሪክ አንባቢ በአሳቡ የማይሳሳት፣ በቃሉ የማያዳልጠው፣ በሥራውም የማይጸጸት ባለታሪክ በገጠመው ጊዜ፣ ደራሲው እጅግ የደከመለትን ይህንኑ ሰው በአክብሮት ተሰናብቶ፣ ልቡን ግን ለሚወድቀውና ለሚነሣው፣ አንዳንድ ጊዜም ለክፉው ባለታሪክ ሲሰጥ ይታያል። ነገሩ በአንድ ሀገር ወይም በአንድ ዘመን ብቻ የታየ ቢሆን ኖሮ የልማድ ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ በቻለ ነበር፤ ነገር ግን ከጥንቶቹ ግሪኮች ቴአትር ጀምሮ እስከ እኛው የአማርኛ ልብ ወለድ ድረስ እየተደጋገመ የመጣ ስለ ሆነ፣ ምክንያቱን በጥሞና መመርመር ይገባል። የዚህ መጣጥፍ አሳብ፣ አንባቢ የሚሸሸው ደግነትን ሳይሆን ዋጋ ያልተከፈለበትን ደግነት ነው፣ ፍርዱም ከልብ ክፋት የመጣ ሳይሆን ስለ ምግባር ካለው የቀና እውቀት የመነጨ ነው የሚል ነው።

ለዚህ ጠባይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ቅናት ነው። ፕሉታርክ ስለ አቴናዊው አሪስቲዲስ የጻፈው ታሪክም ለዚህ አስተያየት ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል። አቴናውያን ከከተማቸው ሊያግዙት የሚሹትን ሰው ስም በሸክላ ስባሪ ላይ እየጻፉ በሚፈርዱበት ጊዜ፣ ፊደል ያልቈጠረ አንድ ባላገር፣ አሪስቲዲስን ማንነቱን ሳያውቅ፣ የአሪስቲዲስን ስም እንዲጽፍለት ለመነው፤ ምን በድሎህ ነው ተብሎ ቢጠየቅም፣ ሰውየውን ከቶ እንደማያውቀው፣ ነገር ግን በየስፍራው «ጻድቁ» ሲባል መስማት እንደ ሰለቸው መለሰ። ይህ ታሪክ ስለ ሰው ልብ እውነት የሚናገር መሆኑ አይካድም። ሆኖም ቅናት የሚነሣው ሹመትን፣ ምስጋናን ወይም ርስትን ሊሻማን በሚችል ሕያው ሰው ላይ ሲሆን፣ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚኖር ሰው ግን ከአንባቢው የሚወስድበት አንዳች ነገር የለም። ከዚህም በላይ፣ ምክንያቱ ቅናት ቢሆን ኖሮ ለፍጹምነት የቀረቡት ባለታሪኮች ሁሉ በአንድነት በተጠሉ ነበር።

እንዲህ አለመሆኑን የሚያስረዳ ብርቱ ማስረጃ የእንግሊዛዊው ደራሲ የሳሙኤል ሪቻርድሰን ሥራ ነው። ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1747 እና በ1748 ባሳተመው «ክላሪሳ» በተባለው ረጅም ልብ ወለዱ፣ ወላጆቿ ለማትወደው ሀብታም ሊድሯት ሲያስገድዷት፣ ላቭሌስ የተባለ አታላይ ባላባት በተንኰል ከቤት አስወጥቶ ክብሯን በግፍ የደፈራትን፣ እርሷ ግን በኋላ ያቀረበላትን የጋብቻ ጥያቄ እንኳ ሳትቀበል እስከ ሞት የጸናችውን ወጣት ታሪክ ተረከ። ክላሪሳ በምግባሯ እንከን የማይወጣላት ናት ለማለት ጥቂት ብቻ ይቀራታል፤ ይሁን እንጂ አንባቢዎች አለቀሱላት፤ ፍጻሜዋን ወደ ደስታ እንዲለውጥላቸውም ደራሲውን የለመኑ ነበሩ። ላቭሌስን የሚወዱ አንባቢዎች መኖራቸው ያሳዘነው ሪቻርድሰን፣ እውነተኛ ደግ ሰው ምን እንደሚመስል ለማሳየት እ.ኤ.አ. ከ1753 ጀምሮ የሰር ቻርልስ ግራንዲሰንን ታሪክ አወጣ። ግራንዲሰን ባለጸጋ፣ መልከ መልካም፣ በሰይፍ የሠለጠነ ሆኖ ሳለ ነፍሰ ገዳይ ላለመሆን ጠብን የሚሸሽ፣ ለሁሉም ርቱዕ ፈራጅ ነው። በጊዜው ያመሰገኑት ብዙዎች ቢሆኑም፣ የኋላው ትውልድ ግን ክላሪሳን ሲያነብ ግራንዲሰንን እየተወው ሄደ።

እነዚህ ሁለት መጻሕፍት ከአንድ እጅ የወጡ፣ አንድ ዓይነት ምግባርንም የሚያስተምሩ ስለ ሆኑ፣ የአንባቢ ልብ በአንደኛው የሞቀበት፣ በሁለተኛውም የቀዘቀዘበት ምክንያት በጥበብ ማነስ ወይም በዘመን መለወጥ ብቻ ሊገለጥ አይችልም። ልዩነቱ ክላሪሳ ስለ ምግባሯ ቤቷን፣ ስሟንና ሕይወቷን ስትከፍል፣ ግራንዲሰን ግን በጎ ባደረገ ቍጥር ምስጋና ይጨመርለታል እንጂ ምንም የማይጐድልበት መሆኑ ነው። ደግነቱ ከሀብቱና ከመልኩ ጋር አብሮ የተወለደ ስለሚመስል፣ አንባቢ ያደንቀው እንደ ሆነ እንጂ መርጦ ደግ ሆነ ብሎ ሊመሰክርለት አይችልም።

አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔ በጻፈው መጽሐፍ፣ ፍጹም ጻድቅ የሆነ ሰው ከደስታ ወደ መከራ ሲወድቅ ማሳየት ኀዘኔታንም ፍርሃትንም ሳይሆን አስጸያፊ ስሜትን እንደሚያመጣ፣ ለትራዤዲ የሚስማማውም በጽድቅ እጅግ የላቀ ሳይሆን በስሕተት የሚወድቅ ሰው እንደ ሆነ አስተምሯል፤ ፍርሃት የሚነሣው እኛን በሚመስል ሰው ላይ በሚደርሰው ነገር ነውና። ከዚህ ትምህርት ተነሥተው ብዙዎች፣ ባለታሪኩ እኛን እንዲመስል የግድ ኃጢአተኛ መሆን አለበት ብለው ደመደሙ። በእኔ አስተያየት ግን እኛን የሚያስመስለው ኃጢአቱ ሳይሆን ለፈተና መጋለጡ ነው። የክርስትና ትምህርት ራሱ ከሁሉ የሚልቀውን ምሳሌ ያቀርብልናል፤ ኃጢአት የሌለበት ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ እንደ ተራበ፣ ሦስት ጊዜም እንደ ተፈተነ፣ በጌቴሴማኒም ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ወንጌል ሲተርክ፣ ፍጹምነት ከረኃብና ከጭንቅ ተለይቶ እንዳልቀረበልን እንረዳለን።

የእኛም የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይህን ምስጢር ጠንቅቀው ያውቁታል። ገድላት ቅዱሳንን ያለ ነውር ቢያቀርቡም፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል እግራቸው እስኪቈረጥ ድረስ ቆመው መጸለያቸውን እንደሚተርክ ሁሉ፣ ቅድስናን ሁልጊዜ ከተጋድሎ ጋር አጣምረው ያስነብቡናል፤ አንባቢውም የጻድቁን አማላጅነት የሚለምን ምእመን እንጂ ከባለታሪኩ ጋር ራሱን የሚያስተያይ የልብ ወለድ አንባቢ አይደለም። በተአምረ ማርያም ዘንድ ደግሞ ሕዝብ ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው የበላዔ ሰብእን ታሪክ ነው፤ 78 ነፍስ የበላው ይህ ሰው ስለ እመቤታችን ስም ለአንድ ለተጠማ ድውይ ጥርኝ ውሃ በመስጠቱ መዳኑ፣ ዘወትር ከሚያገለግሉ ደጋጎች ታሪክ ይልቅ ልብን ይነካል። እንዲሁም በየቤተ ክርስቲያኑ የአብነት ተማሪዎች በቃላቸው ከሚያጠኗቸው 150 መዝሙራት መካከል፣ ዳዊት በኦርዮን ሚስት ከወደቀና ነቢዩ ናታን ከገሠጸው በኋላ የዘመረው ሃምሳኛው መዝሙር የንስሐ ጸሎት ሁሉ ምንጭ ሆኖ ይኖራል።

ወደ አማርኛ ልብ ወለድ ስንመለስ፣ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ኋላም «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» ባለታሪኮቹን በመልክም በጠባይም ምሉዓን አድርጎ ያቀርባቸዋል። ሆኖም አንባቢን የሚይዘው የጦቢያ ውበት ሳይሆን፣ አንድ ደግ ነጋዴ የማያውቀውን ምርኮኛ አባቷን ገንዘቡን ከፍሎ ማስለቀቁ፣ ወንድሟ ዋህድም ይህን ውለታ ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ወጥቶ በባርነት መውደቁ፣ እርሷም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር መንከራተቷ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ደግሞ፣ አውሮፓ ተምሮ የተመለሰው አወቀ ስለ ልማድ መታረም የሚናገረው ሁሉ እውነትና ጠቃሚ ቢሆንም፣ ከራሱ ጋር ሲታገል እምብዛም ስለማናየው፣ እንደ መምህር እናከብረዋለን እንጂ እንደ ወዳጅ አንናፍቀውም።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ግን መንገዱ ተለወጠ። በዛብህ ወላጆቹ በስእለት ለእግዚአብሔር የሰጡት ልጅ በመሆኑ፣ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚሰብረው የአባቷን የፊታውራሪ መሸሻን ክብር ብቻ ሳይሆን የእናት አባቱን ቃል ኪዳን ጭምር ነው፤ ስለዚህ በፍቅሩ ውስጥ ፍርሃትና ጸጸት ተቀላቅለው ይኖራሉ። ፊታውራሪ መሸሻ እንኳ በትዕቢታቸው የሚነቀፉ ሲሆኑ፣ በባላገሮቻቸው ፊት ሲዋረዱ የአንባቢን ኀዘኔታ አያጡም። ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ጉዱ ካሣ ነው፤ ፍርዱ የቀና፣ አንደበቱም እውነት የሚናገር ስለ ሆነ በአሳቡ ለፍጹምነት የቀረበ ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ስለ እውነቱ ከዘመዶቹ መካከል ተገልሎ እንደ እብድ ተቈጥሯል። አንባቢ ጉዱ ካሣን ያለ ቅሬታ መውደዱ፣ በጎ ሰውን መጥላት በተፈጥሮአችን እንደሌለ በቂ ማስረጃ ነው።

ምናልባት እንዲህ ያለው አስተያየት ክፋትን ወደ ማወደስ ያደርሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው «የጠፋችው ገነት» ሰይጣን ከመላእክቱ ይልቅ የብዙ አንባቢዎችን ዓይን መሳቡ ከጥንት ጀምሮ ያከራከረ ነውና። ነገር ግን በዚያ ቅኔ የመጀመሪያ ክፍሎች ሰይጣን የሚያሸንፈው በክፋቱ ሳይሆን፣ የሚያጣው፣ የሚጨነቅና የሚወስን ሆኖ ስለሚታይ ነው። ለደጎቹ ይህን መብት የነፈገ ደራሲ፣ አንባቢው ወደ ክፉዎቹ ቢያዘነብል የሚወቅሰው ራሱን ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ የአንባቢ አለመማረክ የዘመኑ ምግባር መበላሸት ምልክት ነው ብሎ ማዘን ተገቢ አይደለም። ሰው ከራሱ ኑሮ እንደሚያውቀው፣ እውነትን መናገር ወዳጅ ያሳጣል፣ ቃልን መጠበቅ ጥቅም ያስቀራል፣ ይቅር ማለትም የተቃጠለ ልብን ማሸነፍ ይጠይቃል፤ ይህን ሁሉ ሳይከፍል ደግ የሆነ ባለታሪክ ሲቀርብለት፣ አንባቢ የማይቀበለው ደግነት ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው። ምግባርን በልብ ወለድ ሊያስተምር የሚወድ ደራሲም ባለታሪኩን ለማሳነስ ነውር ሊፈልግለት አይገደድም፤ ያ ደግነት ምን እንዳስከፈለው፣ ሊተወው ይችል በነበረበት ሰዓትም ለምን እንዳልተወው ማሳየት ግን ግዴታው ነው።