ጅብና ግንብ፤ በሐረር ፈላና በር

ፍጡራን ተረዳድተው ስለ መኖራቸው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሾላ ዛፍና የትንሿ ተርብ ውል ነው። ተርቧ እንቁላሏን የምትጥለው በሾላ ፍሬ ውስጥ ብቻ ሲኾን፣ ሾላውም ያለ ርሷ ዘር አይዝም፤ በፍሬውም ወፉና ጦጣው ይኖራል። ይኽን ውል ሰው አልፈጸመውም። በሐረር ግን ሰው አንዱ ወገን የኾነበት፣ ስለዚህም ለታሪክ ተመራማሪ የሚገባ ሌላ ውል አለ።

አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ምእት ዓመት የጁገልን ግንብ ያሠሩት ከተማይቱን ከጠላት ለመጠበቅ ነበር። 3.5 ኪሎ ሜትር ያኽል ርዝመት ያለው ይኸው ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ በሰሜን ያለው ፈላና በር ሲባል ሐረሪዎች አሱም በሪ ይሉታል። በሮቹ በመሸ ጊዜ ይዘጉ ነበር። ይኹን እንጂ በግንቡ ሥር ዝቅ ብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ በነርሱ የዝናብ ውሃ ይወጣል፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ ይገባል። ለሰው የተዘጋው ከተማ ለጅብ ክፍት ነበር ማለት ነው። ጅቡም በበኩሉ አጥንቱን፣ ቆዳውንና ጥንቡን ጠርጎ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል።

በፈላና በር አጠገብ ለጅብ ሥጋ ሲጎረስ ያየ እንግዳ ኹሉ ጥንታዊው ልማድ ይኸው ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። ለተመልካች ማጉረስ የተለመደው በ20ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። ሐረሪዎች ከዚያ አስቀድሞ እንደ ነበረ የሚተርኩት የዐሹራን ገንፎ ነው፤ በረኃብ ዘመን ጅብ ሰው መብላት ቢጀምር ቅዱሳን ሰዎች ቅቤ የገባበት ገንፎ ሰጥተው ታረቁት ይባላል። ጅቡ ከገንፎው እኩሌታውን አልፎ ቢበላ ዘመኑ መልካም ነው፤ ጨርሶ ቢልሰው ወይም ቢንቀው ግን ያሠጋል።

የዚኽ ጥርጊያ ዋጋ በሌላ ከተማ ተገምቷል። በመቀሌ ላይ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያኽል የእንስሳት በድን እንደሚያነሡና አባ ሰንጋን የመሰለ በሽታ እንደሚቀንሱ ገምቷል። ውሉ ሲቋረጥ የሚኾነውም ታይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የሰሜን ኢትዮጵያ ጥናት እንዳሳየው፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ዕርድ ቆሞ አጥንት ሲጠፋ ጅቡ ወደ አህያ አደን ዞሯል፤ ይኽም የታወቀው በኩሱ ውስጥ በተገኘው የአህያ ጠጉር ነው። እንግዲህ በጁገል ዙሪያ ቤት ሲበዛና የግንቡ ቀዳዳ ሲደፈን ዕዳውን የሚከፍለው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም፤ አህያውን ውጭ የሚያሳድረው የገጠር ገበሬም ነው።