ከተከዜ እስከ ጎሬ፦ የመርዝ ጋዝ ቁስለኞችን ማን መዘገበ?

ከመቱ በጋምቤላ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ጎሬን ታገኛላችሁ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ የነጻው መንግሥት መቀመጫ ይህች ከተማ ነበረች። መሪው ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ጎሬ ከመድረሳቸው በፊት ተከዜ ላይ አንድ ጉድ አይተዋል።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በርሜል የሚመስል ነገር ጣሉ። መሬት ሲነካ እየተሰበረ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ። ፈሳሹ የነካው ወታደር እጁና ፊቱ ውሃ ቋጠረ፤ ከወንዙ የጠጣም ነበር። የጦር አለቆቹ ምን እናድርግ ብለው ራስ እምሩን ቢጠይቋቸው መልስ አልነበራቸውም። ይህን ኋላ ላይ ራሳቸው ለታሪክ ጸሐፊው ለአንጄሎ ዴል ቦካ ነግረውታል።

መልሱ ምን ነበር? ኢፔሪት (የሰናፍጭ ጋዝ) ጋዝ ይባል እንጂ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ልብስና ጫማ ውስጥ ይሰርጋል። ሲነካችሁ ወዲያው ላያማችሁ ይችላል፤ ቆዳው ውሃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ነው። ማርከሻ እስከ ዛሬ የለውም። የሚያዋጣው ልብስ አውልቆ በደቂቃዎች ውስጥ በብዙ ውሃና ሳሙና መታጠብ ነው። ውሃው ራሱ ከተመረዘስ? እንግዲህ ማን ያስጠነቅቃል፣ ንጹሕ ውሃ ማን ያቀርባል የሚለው ከሐኪሙ በፊት የሚመጣ የፖሊሲ ጥያቄ ነው።

ከባዱ ግን የተረፈው ሰው ጉዳይ ነው፤ ሳንባውና ዓይኑ ለአሥርተ ዓመታት ሊታመም ይችላል። የጎሬው መንግሥት ይህን ሊከታተል አይችልም ነበር። ጣሊያን በኅዳር 1929 ከተማዋን ያዘ፤ ራስ እምሩም ታኅሣሥ 9 ቀን ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጅ ሰጡ።

ከጦርነቱ በኋላስ? የፓሪሱ የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነ። የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚሁ ካሳ ነው። መሐንዲስ ነኝና ግድብ እወዳለሁ። ካሳው ግን ለአገር እንጂ ለቁስለኛው የተቆረጠ አልነበረም፤ ሳል የያዘው የሽሬ ገበሬ ከተርባይኑ ምን ያገኛል? ጣሊያን እንኳ ድርጊቱን በመከላከያ ሚኒስትሯ በኩል ያመነችው በ1988 ዓ.ም. ነው።

ኢራን ሌላ መንገድ ሄደች። በ1979 ዓ.ም. ኢራቅ ሰርደሽት ከተማን በኢፔሪት ደበደበች። ኢራን ተጎጂዎቿን በስም መዘገበች፣ የጉዳታቸውን መጠን በመቶኛ ለካች፣ በመንግሥት ወጪም ታሳክማለች። ኢፔሪት ከዓመታት በኋላ ሳንባን ምን እንደሚያደርግ ሐኪሞች ብዙ የተማሩት ከዚህ ክትትል ነው።

በኅዳር 2004 ዓ.ም. የኬሚካል የጦር መሣሪያ ክልከላ ድርጅት አባል አገራት ለተጎጂዎች የድጋፍ መረብ አቋቋሙ። ከተከዜው ቀን 76 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።