የአየር ቦይ፦ በቀጠሮ ሳይሆን በምክንያት የሚጸዳ

በሰሜን አሜሪካ ቤቶች ጣሪያና ግድግዳ ውስጥ ተሰውሮ የሚያልፍ፣ ማዕከላዊው ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ያዘጋጀውን አየር ወደየክፍሉ የሚያደርስ መተላለፊያ አለ። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ዳክት» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ከቆርቆሮ ይሠራል፤ ከውስጥ በፋይበርግላስ የተለበጠም፣ የሚተጣጠፍም ዓይነት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ከትልልቅ ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎችና ሕንፃዎች አልፎ በመኖሪያ ቤት እምብዛም ስለማይገኝ ለዕለት ንግግራችን ስም አላስፈለገውም ነበር። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ቤት ለገዛ ሰው ግን በየወሩ ኪሱን የሚነካ ጉዳይ ነውና «የአየር ቦይ» ብንለው ይስማማል። «ቱቦ» ሲባል ክብና ጠባብ ነገር ይታሰባል፤ ዳክት ግን ብዙ ጊዜ ሰፊና ባለ አራት ማዕዘን ነው። ቦይ የሚለው ቃል ሥራውን ይናገራል፤ ውሃ ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ እየተከፋፈለ ወደየመደቡ እንደሚደርስ ሁሉ አየሩም ከማሽኑ ተነሥቶ ወደየክፍሉ ይከፋፈላል። ወደ ክፍል የሚያመጣው አድራሽ ቦይ፣ ከክፍል ሰብስቦ ወደ ማሽኑ የሚወስደው መላሽ ቦይ፣ በግድግዳ ወይም በወለል ላይ የሚታየው ክዳን ደግሞ ፍርግርግ ሊባል ይችላል።

ስሙን ከያዝን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ፦ የአየር ቦይ በየጊዜው መጽዳት አለበት? የእኔ አቋም ምክንያት ሲገኝ እንጂ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ አይጸዳም የሚል ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 ለቤት ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ የቦይ ጽዳት የጤና ችግርን እንደሚከላከል በጥናት ተረጋግጦ እንደማያውቅ በግልጽ አስፍሯል። ቦዩ በመቆሸሹ የቤቱ አቧራ እንደሚጨምርም ጥናቶች በማያሻማ መንገድ አላሳዩም። ምክንያቱ አይከብድም፤ ቦዩ ውስጥ ያለው አቧራ አብዛኛው በግድግዳው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ወደምንተነፍሰው አየር የግድ አይመጣም። ይኸው መመሪያ ከቆሸሸ ቦይ ይልቅ ከውጭ የሚገባው ብክለትና ቤት ውስጥ የምንሠራው ሥራ፣ ማለትም ምግብ ማብሰል፣ ማጽዳት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ የበለጠ ሊያጋልጠን እንደሚችል ያስረዳል።

ታዲያ ምክንያት የሚሆነው ምንድን ነው? ኤጀንሲው ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳል። አንደኛው በቆርቆሮው ቦይ ውስጥ ወይም በማሽኑ ክፍሎች ላይ በዓይን የሚታይ ብዙ ሻጋታ ነው፤ ሁለተኛው አይጥ ወይም ነፍሳት ገብተውበት መገኘታቸው፤ ሦስተኛው ቦዩ በአቧራና በጥራጊ ተደፍኖ ብናኙ በአድራሹ ፍርግርግ በኩል ወደ ክፍሉ መውጣቱ። ይህን ለማወቅ ፍርግርጉን በመፍቻ ነቅሎ፣ በባትሪ ብርሃን ውስጡን ማየት ወይም ስልክ አስገብቶ ፎቶ ማንሣት ይቻላል። ስስ አቧራ ከታየ ጤናማ ነው፤ ክዳኑን መልሶ መግጠም ነው። ሻጋታ የሚመስል ነገር ከታየ ደግሞ በናሙና ምርመራ ማረጋገጥ ይገባል፤ ሁሉም ጥቁር ነገር ሻጋታ አይደለምና። ከሁሉ በላይ መነሻው መታረም አለበት። ርጥበቱ ሳይደርቅ የተጸዳ ሻጋታ ተመልሶ ይበቅላል። የፋይበርግላሱ ልባጥ ረጥቦ ወይም ሻግቶ ከሆነ ደግሞ በጽዳት ስለማይድን አውጥቶ መለወጥ ነው የሚሻለው።

ይህን የማይቀበሉ ወገኖች አሉ፤ ክርክራቸውም ሊሰማ ይገባል። የአሜሪካ የአየር ቦይ አጽጂዎች ብሔራዊ ማኅበር በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ማጽዳትን ይመክራል። ምክሩ ሙያውን ከሚያውቁ ሰዎች የመጣ ቢሆንም ከአገልግሎቱ ገቢ ከሚያገኙ ወገኖች የመጣም ነው፤ ስለዚህ በቤቱ ውስጥ የታየ ማስረጃ ሊደግፈው ይገባል። ሌሎች መላሹ ፍርግርግ ላይ የተጋገረውን አቧራ አሳይተው «ውስጡማ እንዴት ይሆን!» ይላሉ። መላሹ ፍርግርግ ግን የክፍሉ አየር በሙሉ ተስቦ የሚያልፍበት በር ስለሆነ አቧራ መያዙ የተለመደ ነው፤ በቫኪዩም ይጠረጋል፣ ቦዩ ስለመቆሸሹም ምስክር አይሆንም። «ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?» የሚሉም አሉ። በቂ መሣሪያ የሌለው አጽጂ የተጣበቀውን አቧራ አስነሥቶ ቤቱን ሊሞላው፣ ቦዩንም ሊጎዳው ይችላል። ክፍያውም ቀላል አይደለም፤ ኤጀንሲው በመመሪያው ለአንድ ማሽን ከ450 እስከ 1,000 ዶላር ይገምታል።

አስም ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ጭንቀት ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ላረጋገጥነው ጥቅም ከመክፈል ወደኋላ ማለት አይገባም፤ ግን ያው ገንዘብ በቅድሚያ መዋል ያለበት ሌላ ቦታ ነው። ማሽኑ የሚችለውን ያህል ጥሩ ማጣሪያ መግጠምና በወቅቱ መለወጥ፣ የማቀዝቀዣውን ኮይልና የውሃ መቀበያውን በባለሙያ ማስፈተሽ፣ የቦዩን ስንጥቆች መድፈን ይቀድማሉ። ኢነርጂ ስታር የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር እንደሚለው በተለመደ ቤት በቦዩ ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በተሰነጠቀና በላላ መገጣጠሚያ ይባክናል። በእኛ ቤቶች ደግሞ ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ መስኮት መክፈትና ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ማብራት ከዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል። ባህላችንን መተው አያስፈልግም፤ ጭሱ የሚወጣበት መንገድ ማበጀት ነው። የልጁ ሕመም ካልታወቀ ነገር የመነጨ ከመሰለ ከአጽጂ በፊት ሐኪም ይጠየቅ።

ምክንያት ሲገኝ ብቻ ይጸዳ ከሚለው ሕግ ውጭ የሚሆን አንድ ነገር አለ። የልብስ ማድረቂያው ማስወጫ ቱቦ ከአየር ቦይ ጋር ይምታታል እንጂ ሌላ ነው፤ እሱ ያለ ምክንያት ፍለጋ በመደበኛነት መጽዳት አለበት። ከልብስ የሚረግፈው ብናኝ በቀላሉ ይቀጣጠላል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር በአንድ ወቅት በዓመት ወደ 2,900 የሚጠጉ የመኖሪያ ሕንፃ ቃጠሎዎችን ከማድረቂያ ጋር አያይዞ የዘገበ ሲሆን ዋነኛው መንስኤም አለማጽዳት ነው። እንግዲህ ወደ አየር ቦዩ ስንመለስ፣ ላጽዳ ብሎ ስልክ የደወለ አጽጂ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ «ቦዬ ውስጥ ምን አየህ? አሳየኝ።» ሻጋታውን፣ አይጡን ወይም የተደፈነውን ቦታ ካሳየ፣ ኮይሉንና ማራገቢያውን ጨምሮ ሁሉንም ክፍል እንደሚያጸዳ በጽሑፍ ካረጋገጠ ይግባ። ማሳየት ካልቻለ ገንዘቡ ለማጣሪያና ለማድረቂያው ቱቦ ይዋል።