ስለ ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂዎች ሙያና ስለ በጋ ተለማማጆች
(በራዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)

አንድ መንግሥት ደኑንና ተራራውን፥ በውስጡም የሚኖሩትን የዱር አራዊት ለመጠበቅ አስቦ አዋጅ ሲያወጣ፥ አዋጁ በአንድ ቀን ይፈረማል። አዋጁን በመስክ ላይ የሚያስከብረው ሰው ግን በአንድ ቀን አይገኝም። የዛሬው ንግግራችን የብሔራዊ ፓርክ ጠባቂነት ሙያ እንዴት እንደ ተፈጠረ፥ ወጣቶችም ብዙ ዘርፍ ያለውን ይህን ሙያ በአንድ በጋ የሥራ ልምምድ እንዴት ይማሩት እንደ ጀመሩ የሚገልጽ ነው። ታሪኩን ከአሜሪካ እንጀምርና በመጨረሻ ወደ አገራችን ተራሮች እንመለሳለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ዬሎውስቶን የተባለው ምድር ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት ሕጉን የፈረሙት በማርች 1 ቀን 1872 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ፍል ውኃው፥ ደኑና ገደሉ ለሕዝብ መደሰቻ ተጠብቆ እንዲኖር አዘዘ። ነገር ግን ለዚህ ሥራ የሚሆን ገንዘብ አልመደበም። የመጀመሪያው የበላይ ኀላፊ ናትናኤል ላንግፎርድ አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ስለ ቈዩ፥ ኑሯቸው በሌላ ሥራ ላይ ነበረ፤ ፓርኩንም የጐበኙት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን አዳኙ እንደ ልቡ ይገድላል፤ ጐብኚውም ከፍል ውኃው ዳር ድንጋዩን እየሰበረ ለማስታወሻ ይወስዳል። ምክር ቤቱ ለፓርኩ የመጀመሪያውን 10,000 ዶላር የፈቀደው በ1878 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ ሕጉ ያለ አንዳች ገንዘብ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

በ1880 ዓ.ም. ሃሪ ዮንት የተባሉ፥ በእርስ በርሱ ጦርነት የዘመቱና በተራራ ላይ አደን ያደጉበት ያህል የለመዱ ሰው፥ በዓመት 1,000 ዶላር እየተከፈላቸው የአራዊት ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚደርስ አገር አንድ ጠባቂ መሆኑ ነው። ዮንት የበረዶውን ወራት በላማር ሸለቆ በአንዲት ጎጆ ተቀምጠው አራዊቱ ከየት ወደ የት እንደሚሰማሩ፥ አየሩም ምን እንደሚመስል እየተመለከቱ ጻፉ። በሪፖርታቸውም ላይ፥ አንድ ሰው ብቻውን ይህን ምድር ሊጠብቅ እንደማይችል፥ በልዩ ልዩ ስፍራ የሚመደቡ በቂ ጠባቂዎች እንደሚያስፈልጉ አስታወቁ። በ1881 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቁ። ምክራቸው ግን በሙሉ እስኪፈጸም ድረስ ሠላሳ አምስት ዓመት ወስዷል። አሜሪካውያን ዛሬ እኚህን ሰው የጠባቂዎች ሁሉ አባት አድርገው ያስታውሷቸዋል።

በመካከሉ የጥበቃው ሥራ ለወታደር ተሰጠ። በኦገስት 1886 ዓ.ም. ካፒቴን ሞሰስ ሃሪስ ፈረሰኞቻቸውን ይዘው ዬሎውስቶን ገቡ። አሁን ሰው ተገኘ፤ ሕጉ ግን ጐደሎ ነበረ። ወታደሩ ሌባ አዳኝ ቢይዝ መሣሪያውን ወርሶ ከፓርኩ ከማስወጣት በቀር የሚያስቀጣበት አንቀጽ አልነበረውም። በማርች 1894 ዓ.ም. ኤድጋር ሃውል የተባለ አዳኝ ቢዞን የሚባለውን የአሜሪካ ጎሽ ገድሎ ቆዳውን ሲገፍ እጅ ከፍንጅ ተያዘ፤ ነገር ግን ሊታሰር የሚገባበት ሕግ አልተገኘም። ወሬው በጋዜጣ ወጥቶ ሕዝቡን ስላስቈጣ፥ በዚያው ዓመት በሜይ ወር በፓርኩ ውስጥ ማደንን የሚቀጣ ሕግ ወጣ። ይሁን እንጂ የዘገየው ሕግ ዋጋ አስከፍሏል። በ1902 ዓ.ም. ገደማ በዬሎውስቶን በዱር የቀሩት ጎሾች ሁለት ደርዘን ያህል ብቻ ነበሩ።

ከወታደሮቹ ጠባቂዎች መካከል በተለይ ለእኛ ለአፍሪካውያን ሊታወቁ የሚገባቸው ካፒቴን ቻርልስ ያንግ ናቸው። ያንግ በ1864 ዓ.ም. ከባሪያ ቤተ ሰብ በኬንታኪ ተወልደው፥ በ1889 ዓ.ም. ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ሦስተኛው ጥቍር ምሩቅ ሆነው ወጡ። በ1903 ዓ.ም. በጋ በካሊፎርንያ የሚገኘው የሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ በአደራ ሲሰጣቸው፥ ብሔራዊ ፓርክ ያስተዳደሩ የመጀመሪያው ጥቍር አሜሪካዊ ሆኑ። ከእሳቸው በፊት በየበጋው ጥቂት በጥቂት ሲሠራ የነበረውን መንገድ በአንድ በጋ አጠናቀው፥ ሠረገላ እስከ ታላላቆቹ ዛፎች እንዲደርስ አደረጉ። ያንግ በኋላ በላይቤሪያ የአገራቸው ወታደራዊ አታሼ ሆነው ሲሠሩ፥ በ1922 ዓ.ም. በናይጄሪያ በሌጎስ ከተማ ዐረፉ። እንግዲህ አንድ በጋ ለአጭር ሥራ ብቻ የተሰጠ አለመሆኑን ከእኚህ ሰው ሕይወት እንረዳለን።

ብሔራዊ ፓርኮችን ሁሉ በአንድነት የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በኦገስት 25 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ዲሬክተር ስቲፈን ማዘር የወታደሩን ስፍራ በሲቪል ጠባቂዎች ተኩ። እነዚህ ሬንጀር የተባሉት ጠባቂዎች ከወታደሩ የወረሱት ሰፊ ባርኔጣ እስከ ዛሬ መለያቸው ነው። በ1918 ዓ.ም. ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ በመሄዳቸው፥ ክሌር ሆጅስ የተባሉ መምህርት በዮሰሚቲ ፓርክ ለበጋው ወራት ተቀጥረው የመጀመሪያይቱ ሴት ጠባቂ ሆኑ። የበጋ ሠራተኛ የሚባለው ወግ ከዚህ ዘመን ጀምሮ እየጠነከረ ሄደ። በ1920 ዓ.ም. ሃሮልድ ብራያንትና ሎይ ሚለር የተባሉ ሊቃውንት በዮሰሚቲ ጐብኚውን በእግር እየመሩ ስለ ወፉና ስለ ዛፉ ማስረዳት ጀመሩ። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ብራያንት በዚያው ፓርክ ሰባት ሳምንት ያህል የሚፈጅ የበጋ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ተማሪዎቹ ሃያ ያህል ሲሆኑ፥ የሚማሩትም በወንዝ ዳርና በተራራ ላይ እየተጓዙ፥ ሕያዉን ነገር በዐይናቸው እያዩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመቋረጡ በቀር፥ ይህ ትምህርት ቤት እስከ 1953 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ጠባቂዎችን አፍርቷል።

ከጦርነቱ በኋላ ጐብኚው እጅግ በዛ፤ ገንዘቡና ሠራተኛው ግን አልተከተለም። በ1953 ዓ.ም. በርናርድ ዲቮቶ የተባሉ ደራሲ፥ ገንዘብ የማይሰጥ ከሆነ ፓርኮቹን እንዝጋቸው የሚል ኀይለኛ ጽሑፍ አወጡ። ይህን ጽሑፍ ያነበቡት የቫሳር ኮሌጅ ተማሪ ኤልሳቤጥ ኩሽማን፥ ሌላ መፍትሔ አሰቡ። ተማሪዎች የበጋ ዕረፍታቸውን በፓርኮች ውስጥ በነጻ በመሥራት እንዲያሳልፉ፥ በምትኩም ሙያውን እንዲማሩ የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ በ1955 ዓ.ም. አቀረቡ። ጽሑፉም በመደርደሪያ ላይ አልቀረም። በ1957 ዓ.ም. በኦሊምፒክና በግራንድ ቲቶን ፓርኮች 53 ተማሪዎች ሥራ ጀመሩ። ከዚህም ጅምር የተማሪዎች የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ተወለደ፤ መሥራቿም በ2010 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ እጅ የክብር ሜዳይ ተቀበሉ።

አድማጮቻችን፥ አንድ ወጣት በአንድ በጋ ምን ሊማር ይችላል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ሥራው መጀመሪያ በዶማና በመጋዝ ይጀምራል። በበረዶው ወራት የወደቁት ዛፎች ተቈርጠው መንገዱ ይከፈታል። የዝናቡም ውኃ መንገዱን ይዞ ወርዶ ቦይ እንዳያደርገው፥ እንጨት ወይም ድንጋይ በአግድም እየተቀበረ ውኃው ወደ ጐን እንዲፈስ ይደረጋል። ይህን ያልሠራ ሰው መንገድ በአንድ ክረምት እንዴት እንደሚጠፋ አያውቅም። ቀጥሎ በቅሎ መጫን አለ። የግራና የቀኙ ጭነት ካልተመዛዘነ የበቅሎዋ ጀርባ እንደሚቈስል፥ በገደል ላይም ጭነቱ እንደሚገለበጥ የእኛ አገር ነጋድራሶች ዱሮ የሚያውቁትን ተለማማጁ በገመድ ቋጠሮ ይማረዋል።

ከእጅ ሥራው ቀጥሎ የዐይንና የጆሮ ሥራ ይመጣል። ተለማማጁ ከነባሩ ጠባቂ ኋላ እየሄደ ዱካ ማንበብን፥ አራዊት መቍጠርን፥ ያየውንም በዕለቱ በመዝገብ መጻፍን ይለምዳል። ያልተጻፈ ቍጥር በዓመቱ ከግምት አይሻልምና። ጐብኚ በጠፋ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው፥ ሰውየው በመጨረሻ የታየው የት ነው፥ ምን ለብሷል፥ ውኃስ ይዟል ወይ የሚለው መሆኑን ይማራል። የተሰበረ እግር ማሰርን፥ ቃሬዛ ተሸክሞ በገደል መውረድን ይለማመዳል። ድብ አንድ ጊዜ የሰው ምግብ ከቀመሰ ሰፈር ሰብሮ እንደሚገባ፥ መጨረሻውም በጥይት መገደል እንደሚሆን ስለሚረዳ፥ ስንቅን በሚገባ አሽጎ ማኖርን ለጐብኚው በትሕትና ያስረዳል። ይህን ጊዜ ጠባቂው መምህር ሆነ ማለት ነው።

እሳትንም በሚመለከት የሚማረው ነገር ብዙ ነው። በቀድሞ ጊዜ ደንቡ፥ ጢስ የታየበትን ስፍራ በካርታ ላይ አግኝቶ እሳቱን ወዲያው ማጥፋት ነበር። ይሁን እንጂ የታላቁ ሴኮያ ዛፍ ፍሬ ተከፍቶ ዘሩ በንጹሕ መሬት ላይ እንዲያርፍ እሳት እንደሚረዳው ስለ ታወቀ፥ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በመብረቅ የተነሣው እሳት በአንዳንድ ስፍራ በጥንቃቄ እየተጠበቀ እንዲነድ ተፈቀደ። ስለዚህ ጠባቂው መቼ ማጥፋት እንደሚገባው ብቻ ሳይሆን፥ መቼ መተው እንደሚገባውም ማወቅ አለበት። ይህን የመሰለ ፍርድ ደግሞ ከመጽሐፍ ብቻ ሊገኝ አይችልም።

ነገር ግን ታሪኩን በምስጋና ብቻ ማለፍ እውነትን ማጕደል ይሆናል። በዬሎውስቶንና በዮሰሚቲ ከፓርኩ በፊት የኖሩ ሕዝቦች ነበሩ፤ ፓርኩ ሲከለል ከአባቶቻቸው ምድር ተገፍተው ወጥተዋል። የጥንቱ ጠባቂ አራዊቱን ሲጠብቅ ሰውን እንደ ጠላት ያየበት ጊዜ ነበረ። ዛሬ አንድ ተለማማጅ ከሚማራቸው ነገሮች ዋነኛው፥ ከፓርኩ ዳር ያለውን ሕዝብ ሳያቀርቡ ፓርክን መጠበቅ እንደማይቻል ማወቅ ነው።

ይህን ነገር የእኛ አባቶች አስቀድመው ተረድተውት ነበር። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይከለላል፤ ጠባቂዎቹም ከራሱ ከባለርስቱ መካከል ይመረጣሉ፤ ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳ ይከፈታል። በ1975 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ርስቱ ስለ ቀረ ይህም ሥርዓት ፈረሰ፤ የጓሳ ሕዝብ ግን ከዚያ ወዲህ በአዲስ መልክ ጥበቃውን ቀጥሎበታል።

በዘመናዊው መንገድ ደግሞ በ1963 ዓ.ም. ጁልያን ሃክስሊ የመሩት የዩኔስኮ ቡድን የአገራችንን የተፈጥሮ ሀብት አጥንቶ ሪፖርት አቀረበ። በ1969 ዓ.ም. የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች በሕግ ተከለሉ። በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር በሌላ ስፍራ በዱር የማይገኘው ዋልያ በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ገባ። ፓርኩ በ1978 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ጋር ተመዘገበ። ይሁን እንጂ የዬሎውስቶን ታሪክ በሰሜንም ታየ። በ1980ዎቹ ዓመታት በጦርነቱ ምክንያት ጠባቂዎቹ ሥራቸውን ለቀው መውጣት ግድ ሆነባቸው፤ በ1996 ዓ.ም. ፓርኩ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። የግጭ ሰዎች ሰፈራቸውን ለቀው በ2016 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ሄዱ። ከዚያም ፓርኩ በ2017 ዓ.ም. ከአደጋው መዝገብ ወጣ። በ2019 ዓ.ም. በተነሣው ቃጠሎም ጠባቂዎቹና የአገሩ ሕዝብ ጐን ለጐን ቆመው እሳቱን ተከላክለዋል።

በሰሜን ስካውት እየተባሉ የሚጠሩት ጠባቂዎች አብዛኞቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። ገደሉን ከነስሙ፥ ጭላዳውን ከነመንጋው ያውቁታል፤ በብርድና በጭጋግ ሲዘዋወሩ ከትከሻቸው ላይ ከጋቢና ከጠመንጃ ሌላ ብዙ ነገር የላቸውም። የዕውቀታቸው ብዛት በጽሑፍ ስላልሰፈረ፥ አንድ ሽማግሌ ስካውት በጡረታ ሲሰናበት አብሮት የሚሄደው ብዙ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን በዕረፍታቸው ወራት ከእነዚህ ሰዎች ኋላ ቢሄዱ፥ ሽማግሌው ዱካውን ያሳያል፤ ወጣቱም ቍጥሩን በመዝገብ ያሰፍራል። ሁለቱም ተማሪ፥ ሁለቱም መምህር ይሆናሉ።

ክቡራን አድማጮች፤ ከእኛ ብዙዎቻችን የጽሕፈት ቤት ሰዎች ነን። ደንብ እናረቃለን፥ ደብዳቤ እንጽፋለን፥ ማኅተም እናደርጋለን። ይህ ሥራ የሚናቅ አይደለም፤ ያለ ሕግ የተላከ ጠባቂ ምን ያህል እንደሚቸገር ከ1894 ዓ.ም. ታሪክ ተመልክተናል። ሰውና ገንዘብ ያልተከተሉት ሕግ ግን ምን እንደሚሆን የ1872 ዓ.ም. ታሪክ ይነግረናል። ሃሪ ዮንት ከበረዶው ውስጥ የላኩት ሪፖርት በአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ አምስት ዓመት ሲጠብቅ ጎሾቹ አልጠበቁም። ዛሬም ከሩቅ ወረዳ፥ እጁ በብርድ በደነዘዘ ጠባቂ የተጻፈ አንዲት ወረቀት በአንዳችን ጠረጴዛ ላይ ትኖር ይሆናል። ይህችን ወረቀት በጊዜዋ አንብቦ መልስ መስጠት፥ ዋልያን ከመጠበቅ የማይተናነስ አገልግሎት ነው።