ኮርቻ ያላት መንገደኛ

በሉ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ! ከኮልፌ ቀራኒዮ ተነስታችሁ የአምቦን መንገድ ስትይዙ፣ ከቡራዩ ወዲያ ገፈርሳን ታገኛላችሁ። ለአዲስ አበባ መጠጥ የተገደበ ውሃ ነው። ፈረንጅ አገር ብርዱ ሲከፋ ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱ ዳክዬዎች ያርፉበታል። እኛ ዳክዬውን እናያለን፤ የዛሬው ወሬዬ ግን ዳክዬ ላይ ስለምትሳፈረዋ ነው።

ዳፍኒያ ትባላለች። ወገኗ ከሸርጣን ሲሆን ቁመቷ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ማይክሮስኮፕ ሥር ልቧ ሲመታ ይታያል። በደጉ ጊዜ ያለ ወንድ ሴት ልጆች ትወልዳለች፤ ሁሉም ቁርጥ እናታቸውን። ኩሬው ሊደርቅ ወይም ሊቀዘቅዝ ሲል ግን ወንዶች ይወለዳሉ፤ ከእነሱ ተገናኝታ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ኮርቻ ታበጃለች። ኮርቻው ውስጥ ሁለት እንቁላል አለ። እናትየው ብትሞት እንኳ እንቁላሉ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። አለዚያም በላባ ተጣብቆ፣ ሲብስም በዳክዬ ሆድ አልፎ፣ ሌላ ኩሬ ይደርሳል።

ወደ ሰሜን ዋልታ ስንወጣ ጉዱ ይብሳል። በጋው አጭር፤ ወንድ እስኪወለድ ማን ይጠብቃል? እዚያ ብዙዎቹ ኮርቻውን ያለ ወንድ ይሞሉታል። የክሮሞሶም ስብስባቸው ከተለመደው ሁለት ያለፈም ሞልተዋል። በሰሜን ካናዳ ሲጠና፣ የዘሩ ዓይነት የሚበዛው በበረዶው ዘመን ግግር በረዶ ሳይሸፍነው ለቀረው፣ ቤሪንጂያ ለሚባለው ምድር ቀረብ ባለው በኩል ሆኖ ተገኘ። እዚያ ካመለጡት የተረፈው ዘር ነዋ በረዶው የለቀቀውን አገር የወረሰው።

የኛስ ብርድ? ባሌ አለ! የሳነቴ አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እሱም በበረዶው ዘመን ግግር ለብሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ኮቶቭና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ ዳፍኒያ ኢዝፖድቫላ የተባለች አዲስ ዝርያ አሳወቁ። እስከዚያ ድረስ «አህጉራት ሲላቀቁ ዘሩም አብሮ ተለያየ» የሚል አስተሳሰብ ነበር። የእሷ ዘር ቆጠራ ግን ከዚህ ጋር አልገጥም አለ። እኔ እንኳ ወፎቹን እጠረጥራለሁ።

እንግዲህ የኮልፌ የባዮሎጂ መምህራን፣ አደራ! ወንፊቱ ጠበቅ ያለ መረብና አንድ ማይክሮስኮፕ ይበቃል፤ ልጆቹን ወደ ሰፈራችሁ ኩሬ አውርዷቸው። የሚቀጥለውን ስም እነሱ ያውጡት።